የዓለም ትልልቅ በረሃዎች የት ናቸው? አዳማ ላይ ደጋግሜ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

ማታ ማታ እዚህ አዳማ ለሰፈር ልጆች ጂኦግራፊ አስጠናለሁ። በረሃ የሚለው ርዕስ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ ያው ጥያቄዎች ይመጣሉ። ከልጆቹ ብቻም አይደለም፤ ልጅ ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው የሚያዳምጡ ወላጆችም ይጠይቁኛል፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ጎረቤቴም ያለ ጥያቄ አያልፍም። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኳቸው።

በረሃ ማለት የሚሞቅ ቦታ አይደለም እንዴ?

በአነጋገራችን አዎ፣ በጂኦግራፊ ግን አይደለም። ከዚህ ርዕስ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን ነው የምለው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

እኛ አገሩን የምንከፍለው በከፍታ ነው፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ይሞቃል፣ መጨረሻው በረሃ ነው። ለዚህ ነው "በረሃ ወረደ" የምንለው እንጂ "በረሃ ወጣ" የማንለው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳም ከመኪና እንደወረደ ጃኬቱን እያወለቀ "ኧረ ይሄ በረሃ ነው" ይላል። ሙቀቱን ማለቱ ነው።

ጂኦግራፊ የሚጠይቀው ስለ ውሃ ነው። በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ ወይም በረዶ የሚያገኝ ቦታ በረሃ ይባላል፣ የተለመደው መለኪያ ይህ ነው። ስንት እንደሆነ ለማየት እንዲህ አስቡት፦ ዓመቱን ሙሉ የዘነበው ሁሉ ሳይፈስ፣ ሳይሰርግ፣ ሳይተን ሜዳ ላይ ቢጠራቀም ከፍታው አንድ ስንዝር አካባቢ ነው። የዓመት ዝናብ ነው ይሄ! በሞቃቶቹ በረሃዎች ደግሞ ፀሐዩና ነፋሱ ከዘነበው በላይ ማትነን ይችላሉ። በዚህ ሚዛን ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ቦታም፣ በረዶ የለበሰ ቦታም በረሃ ሊሆን ይችላል። "የት ይሞቃል?" የሚለውን ትተን "ዝናብ የማይደርሰው የት ነው? ለምን?" ብለን ስንጠይቅ ካርታው ራሱ መልስ መስጠት ይጀምራል።

አዳማስ በረሃ ናት?

አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክረምት ይዘንባል፣ በዙሪያዋ ጤፍና በቆሎ ይዘራል። ሰው የሚሳሳተው በአዋራውና በነፋሱ ነው። ነፋሱስ እውነት ነው፣ ኮረብታው ላይ የቆሙት ተርባይኖች ይመሰክራሉ። ግን ነፋስ ብቻውን በረሃ አያደርግም።

ትልቁ በረሃ ሰሃራ ነው ወይስ አንታርክቲካ?

ፈተና ላይ ልጆቹን የሚጥለው ጥያቄ ይሄ ነው። ከሁሉም ትልቁ አንታርክቲካ ነው፣ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰሃራ 9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከሞቃት በረሃዎች ትልቁ ነው። ጥያቄው ውስጥ "ሞቃት" የሚል ቃል አለ ወይስ የለም? እሱን አይታችሁ መልሱ።

አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር፣ አንታርክቲካ ሁሉም ነገር በረዶ አይደል? በረዶ ውሃ አይደል?" ብላኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትም ጨው ከሌለው የዓለም ውሃ አብዛኛው፣ 70 በመቶ ገደማው፣ በረዶ ሆኖ የተቀመጠው እዚያ ነው። እኛ የምንለካው ግን በየዓመቱ የሚወርደውን እንጂ የተጠራቀመውን አይደለም። የአህጉሩ መሐል በዓመት የሚያገኘው በረዶ ወደ ውሃ ቢቀየር 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከሰሃራ ብዙ ቦታዎች ጋር የሚወዳደር ድርቀት ነው። ትንሿ በረዶ ስለማትቀልጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተደራርባ ያን ሁሉ ሆነች። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው አርክቲክም በዚሁ ምክንያት ከበረሃዎች ይቆጠራል።

እሺ፣ ትልልቆቹ በረሃዎች የት የት ናቸው?

ካርታ አምጡና ጣታችሁን ካይሮ ላይ አድርጉ። ካይሮ ያለችው 30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። አሁን ወደ ምዕራብ ሂዱ፦ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ ሰሃራ ነው። ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ቱኒዚያ፣ አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ምዕራብ ሰሃራ፣ ከታች ደግሞ ሞሪታኒያ፣ ማሊ፣ ኒጀር፣ ቻድና ሱዳን ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከካይሮ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቀይ ባሕርን ትሻገሩና የአረቢያ በረሃ ውስጥ ትገባላችሁ፣ 2.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ በኩል ሩብ አል ካሊ የሚባል የአሸዋ ባሕር አለው፤ ስሙ "ባዶው ሩብ" ማለት ነው፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ የመን፣ ኦማንና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ይካፈሉታል። አሁንም ወደ ምሥራቅ ቀጥሉ። ኢራን ውስጥ የሉት በረሃ፣ ከዚያ ህንድና ፓኪስታን ድንበር ላይ የታር በረሃ። ፓሲፊክን ተሻግራችሁ በዚያው መስመር አካባቢ አሜሪካ ብትደርሱ ሶኖራንና ቺዋዋን ታገኛላችሁ፣ ሁለቱም በሜክሲኮና በዩናይትድ ስቴትስ መካከል ናቸው።

ከምድር ወገብ በታችም መስታወት ውስጥ እንደሚታይ መልክ ያው ነው የሚደገመው። በ20ና በ30 ዲግሪ ደቡብ አካባቢ ካላሃሪ አለ፣ ቦትስዋናን፣ ናሚቢያንና ደቡብ አፍሪካን ይነካል። ናሚብም እዚያው ጎን ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ግሬት ቪክቶሪያ፣ ግሬት ሳንዲ፣ ሲምፕሰን፣ ጊብሰን እያለች አብዛኛው መሐሏ ደረቅ ነው።

ይህ መደዳ ዝም ብሎ አልመጣም። ምድር ወገብ ላይ አየሩ ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱን እዚያው በዝናብ ያራግፋል። የኮንጎና የአማዞን ደን የሚጠጣው ይህንን ነው። ውሃውን ያራገፈው አየር ከላይ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄድና 30 ዲግሪ አካባቢ ተመልሶ ይወርዳል። የሚወርድ አየር ደግሞ እየሞቀና እየደረቀ ስለሚመጣ ደመና አያሠራም። ሰሃራን ሰሃራ ያደረገው ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከተራራ ጀርባ ወይም ከባሕር እጅግ ርቆ ያለው ነው። ደመና ዳገት ላይ እንደሚወጣ ተሸካሚ ነው፣ ጫፍ ሳይደርስ ሸክሙን ያራግፋል፣ ወዲያ ማዶ ባዶ እጁን ይወርዳል። የዝናብ ጥላ የሚሉት ይህ ነው። ጎቢ በሞንጎሊያና በሰሜን ቻይና፣ ታክላማካን በምዕራብ ቻይና፣ ሁለቱም ከሂማላያና ከቲቤት አምባ በስተሰሜን ናቸው፣ ከባሕርም ሩቅ ናቸው። ፓታጎንያ በአርጀንቲና ከአንዲስ ተራሮች ጀርባ ነው። ግሬት ቤዚን በአሜሪካ ከሲየራ ኔቫዳ ጀርባ። ካራኩም በቱርክመኒስታን፣ ኪዚልኩም ደግሞ በኡዝቤኪስታንና በካዛኪስታን መሐል እስያ ላይ ናቸው። እነዚህ የብርድ ወራታቸው ከባድ ነው፣ ጎቢ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ያለችው ግመል ሁለት ሻኛ ያላትና ፀጉሯ የተንጨፈረረ ናት፣ የኛዎቹን የአፋር ግመሎች ያየ ሰው ሌላ እንስሳ ሊመስለው ይችላል።

ትልቅ በረሃ የሌላት አህጉር አውሮፓ ብቻ ናት።

በረሃ ሁሉ አሸዋ ነው?

ጎረቤቴ ሹፌሩ ስንት ዓመት ጅቡቲ ሲመላለስ "ፊልም ላይ የሚያሳዩትን አሸዋ አንድም ቀን አላየሁም፣ ድንጋይና ጠጠር ብቻ ነው" ይለኛል። ልክ ነው። የሰሃራ እንኳ አሸዋ የለበሰው ሩብ ያህሉ ነው። የቀረው ድንጋያማ አምባ፣ የጠጠር ሜዳና ተራራ ነው፤ ቻድ ውስጥ የሚገኘው ኤሚ ኩሲ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። አሸዋው ዝነኛ የሆነው ለፎቶ ስለሚያምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ባሕር ዳር ያለ ቦታ እንዴት በረሃ ይሆናል?

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ካርታው ላይ ሁለት ቦታ እዩ፦ አታካማ በሰሜን ቺሊ፣ ናሚብ በናሚቢያ ጠረፍ (ጫፎቹ አንጎላና ደቡብ አፍሪካም ይገባሉ)። ሁለቱም ከአህጉራቸው በስተምዕራብ ናቸው፣ ሁለቱም ውቅያኖስ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ሁለቱም ከዓለም ደረቅ ቦታዎች መካከል ናቸው። አሪካ የምትባለው የቺሊ የወደብ ከተማ በዓመት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አይሞላላትም። ወደብ ሆና!

ምክንያቱ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። በቺሊ በኩል ሃምቦልት፣ በናሚቢያ በኩል ቤንጉዌላ የሚባሉ ቀዝቃዛ የባሕር ሞገዶች፣ ማለትም ባሕር ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈሱ ውሃዎች፣ ከደቡብ ይመጣሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ከላዩ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም፣ ካልወጣ ዝናብ የለም። አታካማ ላይ አንዲስ ደግሞ በምሥራቅ በኩል በሩን ዘግቶበታል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነው የተቆለፈው።

ዝናብ ባይሆንም ግን ጉም አለ። ከባሕር የሚነሳው ጉም ጠዋት ጠዋት የብስ ላይ ይገባል፣ ቺሊዎች ካማንቻካ ይሉታል። ሰዎች ኮረብታ ላይ መረብ ዘርግተው ከዚያ ጉም የሚጠጣ ውሃ ይሰበስባሉ። ናሚብ ላይ ደግሞ ይህንን የምታደርግ ጥንዚዛ አለች፣ አሸዋ ጫፍ ላይ ጭንቅላቷን ዘቅዝቃ ትቆማለች፣ ጉሙ ጀርባዋ ላይ ጠብታ ይሆንና ወደ አፏ ይንሸራተታል። ቬልቪቺያ የምትባል ተክልም እዚያ አለች፣ ዕድሜ ልኳን ሁለት ቅጠል ብቻ ነው ያላት፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ትኖራለች። ይህንን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ እኔም አልቸኩልም።

አታካማ ድርቀቱ ለሌላም ጠቅሟል። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የዓለም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች እዚያ ተሰብስበዋል፤ አልማ የሚባለው መሣሪያ 66 አንቴናዎቹን 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ አቁሟል።

በጣም ሞቃቱ ቦታ ሊቢያ ነው ብለን ተምረናል፣ ትክክል ነው?

ድሮ እንደዚያ ነበር የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1922 አል አዚዚያ ላይ ተለካ የተባለው 58 ዲግሪ ስህተት እንዳለበት ታይቶ በ2012 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሰርዞታል። አሁን የተመዘገበው ክብረ ወሰን በሞሃቪ በረሃ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዴዝ ቫሊ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 የተለካው 56.7 ዲግሪ ነው። ይህ የአየሩ ሙቀት ነው። የመሬቱ ገጽ ከሆነ ሌላ ነው፣ ኢራን ውስጥ ሉት በረሃ ላይ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2005 የለካው 70.7 ዲግሪ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ ይህንን ለልጆቻችሁ አስተካክሉላቸው።

የኛስ አገር?

ደናክል ነው፣ ከኤርትራና ከጅቡቲ ጋር የምንጋራው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተካሄደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገበው የዓመት አማካይ ከፍተኛው ነው። ልዩነቱን አስተውሉ። ዴዝ ቫሊ በአንድ ቀን ይበልጣል፣ ዳሎል ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊቱም ተቆጥሮ ነው።

ደናክል ያለው 30 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አይደለም። ታዲያ ለምን ደረቀ? የክረምት ዝናባችን የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፣ ደጋው ላይ ያራግፍና አፋር ሲደርስ ያለቀበት ነው። የተራራ ጥላ ነው፣ ከፓታጎንያ ጋር በዚህ ይመሳሰላል። ከዚያ ደግሞ ስምጡ ዝቅ ያለ መሆኑ ሙቀቱን ያብሰዋል።

ግን ባዶ ነው እንዳትሉ። አፋሮች ጨው ቆርጠው በግመል ጭነው ሲያወጡ የኖሩት ከዚያ ነው፣ አሞሌ በአገራችን ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ሉሲም የተገኘችው አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ነው። በእሷ ዘመን አካባቢው ዛፍና ውሃ ነበረው።

አዋሽ ለምን ባሕር አይደርስም?

ይህን የጠየቀኝ የወንጂ ልጅ ነው፣ ወንዙን እያየ ያደገ። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ በወንጂ በኩል የሸንኮራ እርሻውን ያጠጣል፣ በመተሐራ ያልፋል፣ አፋር ይገባል፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ወደ ባሕር የሚያወጣው መንገድ የለም። ሐይቁ ላይ ፀሐይ ውሃውን ትወስደዋለች፣ ጨው ይቀራል።

በዓለም በረሃዎች ላይ የአዋሽ ወንድሞች ብዙ ናቸው። ኦካቫንጎ ከአንጎላ ተራሮች ተነስቶ ካላሃሪ ውስጥ ተበትኖ ያልቃል፣ በቦትስዋና ትልቅ ረግረግ ይሠራል። ታሪም ታክላማካን ጫፍ ላይ ይጠፋል። የሚያሳዝነው የአራል ሐይቅ ነገር ነው። አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የሚባሉ ሁለት ወንዞች በካራኩምና በኪዚልኩም በኩል አልፈው ይመግቡት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ውሃው ለጥጥ እርሻ ተጠለፈ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ወለሉ አዲስ በረሃ ሆነ፣ ስምም ወጣለት፦ አራልኩም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ካርታ ላይ የተጨመረ በረሃ ነው። አዋሽም የሚመግበው እርሻ እየበዛ ስለሆነ ይህንን ለልጆቹ ሳልነግራቸው አላልፍም። አባይ ነው ለየት የሚለው፣ ሰሃራን ሰንጥቆ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፣ እሱም የኛን ደጋ ውሃ ይዞ ስለሚሄድ ነው።

ሰሃራ እየሰፋ ነው?

አዎ፣ ግን እንደሚወራው በየቀኑ እየሮጠ አይደለም። የዝናብ መረጃ ሲጠና እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 2013 ባለው ጊዜ 10 በመቶ ያህል እንደሰፋ ታይቷል። ከፊሉ ተፈጥሯዊ ነው፣ ከፊሉ የሰው ሥራ ነው። ሰሃራ ድሮም ይሰፋል ይጠባል። ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ገደማ ሐይቅና ሣር ነበረው፤ አልጄሪያ ውስጥ ታሲሊ ናጀር ላይ ዋሻ ውስጥ የተሳሉት ከብቶች የዚያን ጊዜ ናቸው።

የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ታላቁ አረንጓዴ ግንብ የሚባለውን ሥራ ጀምሯል፣ ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኢትዮጵያም አለችበት። ዛፍ መትከል ጥሩ ነው፣ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን ይለያያል። በደርግ ዘመን በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ አፋር ላይ የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ የግጦሽ መሬቱን ወርሮ አርብቶ አደሩን አስጨንቋል። የአገሬውን ግራር ማን ጠልቶት ነው?

ለፈተና እንዴት ልያዘው?

ስም ከመሸምደድ አራት ቦታ ያዙ፦ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ከተራራ ጀርባና ከባሕር ርቆ፣ በምዕራብ ጠረፍ ቀዝቃዛ ሞገድ ያለበት፣ ዋልታዎቹ። ከዚያ ስሞቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። "ሰሃራ" በአረብኛ በረሃ ማለት ስለሆነ "ሰሃራ በረሃ" ስንል "በረሃ በረሃ" እያልን ነው፣ ይህም አይረሳም።

ከአዳማ ተነስቼ በዓይኔ ማየት ብፈልግስ?

ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ሙቀቱ ይሻላል። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ከሚበቃችሁ በላይ ውሃ ያዙ፣ ከአፋር ወዲያ ያለ አገሬው መሪ አትግቡ። መስኮት ዳር ተቀመጡ። ወለንጪቲ ድረስ ማሳ ነው። መተሐራ ስትደርሱ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ይመጣል፣ ግራሩ ያጥራል። አዋሽ ሰባት ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ ጅቡቲ። የጅቡቲውን ያዙ። ገዋኔን አልፋችሁ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ ስትሉ ሣሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ጠጠር ብቻ ይቀራል፣ ተሳቢዎቹ ከሩቅ በሙቀቱ ሲርገበገቡ ይታያሉ። የደረሰላችሁ ደግሞ እስከ አቤ ሐይቅ ዝለቁ። ከውሃው ዳር የኖራ ድንጋይ ማማዎች ቆመዋል፣ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል፣ መሬቱ በጨው ነጭ ነው። ወንጂ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ያያችሁት ውሃ የሚያበቃው እዚያ ነው።